«ልጄን ከዚህ ክፍል አውጡልኝ» የማለት መብት፦ ከሞንትጎመሪው ክስ በኋላ ወላጆች የሚጠይቁን

ጁን 27 ቀን 2025 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ማህሙድ ከቴይለር» በተባለው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ክስ ውሳኔ ሰጠ። ክሱ ስለ ተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትና ስለ ፆታ ማንነት የሚተርኩ የልጆች መጻሕፍት በክፍል ሲነበቡ ወላጆች ልጃቸውን ማስወጣት ይችላሉ ወይ የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ በቤተክርስቲያን ግቢም፣ በለቅሶ ቤትም፣ በቴሌግራም ግሩፕም ያው ጥያቄ ይመላለሳል። አንዱ «መጽሐፎቹ ታገዱ» ይላል። ሌላው «ምንም የተለወጠ ነገር የለም» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ደጋግመው የሚመጡትን ጥያቄዎች ሰብስቤ የማውቀውን ጽፌያለሁ። አቋሜን አልደብቅም፤ በዚህ ጉዳይ ወግ አጥባቂ ነኝ፣ ከወላጆቹ ጎን ነኝ። የሌላውን ወገን ክርክር ግን ሳላጣምም ለማቅረብ ሞክሬያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከምን ተነሳ?

ሞንትጎመሪ ካውንቲ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ በስተሰሜን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሮክቪል፣ ጌይተርስበርግ ሁሉም እዚያ ናቸው። የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹ ወደ 160,000 ተማሪ ያስተምራሉ፤ በስቴቱ ትልቁ ናቸው።

በ2022 መጨረሻ ላይ የካውንቲው የትምህርት ቦርድ ስለ ተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትና ስለ ፆታ ማንነት የሚተርኩ የሥዕል መጻሕፍትን ወደ አንደኛ ደረጃ ክፍሎች አስገባ። የተመደቡት ከመዋለ ሕፃናት በፊት ካሉት ሕፃናት ጀምሮ እስከ 5ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ። መጽሐፎቹ የገቡት በሥነ ፆታ ትምህርት ሳይሆን በእንግሊዝኛ ንባብ ክፍለ ጊዜ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ጉዳዩ ሁሉ የዞረው እዚህ ላይ ነው። በሜሪላንድ ደንብ ወላጅ ልጁን ከሥነ ፆታ ትምህርት ማስወጣት ይችላል። ከንባብ ክፍል ለማስወጣት ግን እንዲህ ያለ ደንብ የለም።

መጀመሪያ ላይ ትምህርት ቤቶቹ ለወላጅ ያሳውቁ ነበር። ያልፈለገ ልጁን ያስወጣ ነበር። በማርች 2023 ቦርዱ ይህን አቆመ። ከቀጣዩ የትምህርት ዘመን ጀምሮ ማሳወቂያም የለም፣ ማስወጣትም የለም አለ። ወላጆችን ያስቆጣው ከመጽሐፎቹ ይልቅ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ትናንት የነበረ በር ዛሬ ሲዘጋ ሰው ይደነግጣል።

በሜይ 2023 የሙስሊም፣ የካቶሊክና የዩክሬን ኦርቶዶክስ ወላጆች ተባብረው ከሰሱ።

መጽሐፎቹ ውስጥ ምን ነበር?

«ተረት ነው፣ ምን ያካብዳችኋል?» ለሚሉ ወዳጆቼ ሁልጊዜ ይህን እመልሳለሁ። መጽሐፉን ብቻ አትዩ፣ ለመምህሩ የተሰጠውንም መመሪያ እዩ።

ከመጽሐፎቹ አንዱ የአንዲት ልጅ አጎት ሌላ ወንድ ሲያገባ የሚተርክ ነው። ሌላው ስለ አንድ ልዑልና ስለ አንድ ወታደር ፍቅርና ሠርግ ነው። አንዱ ደግሞ ሴት ሆና የተወለደች ልጅ «ወንድ ነኝ» ስትል ቤተሰቡ እንዴት እንደተቀበላት ያሳያል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ወንድሟ «ይሄ ትርጉም አይሰጥም» ይላል። እናቲቱ ሁሉም ነገር ትርጉም መስጠት እንደሌለበት፣ ዋናው ፍቅር እንደሆነ ትነግረዋለች።

ወደ መምህራኑ መመሪያ እንምጣ። አንድ ልጅ «ወንድ ሴት ሊሆን አይችልም» ቢል መምህሩ ምን ሊመልስ እንደሚችል ተጽፎላቸዋል። ስንወለድ ሰዎች ሰውነታችንን አይተው ወንድ ወይም ሴት ብለው ይገምታሉ፤ አንዳንዴ ልክ ይሆናሉ፣ አንዳንዴ ይሳሳታሉ። መልሱ ይህ ነው። እንዲህ ያለ አስተያየት ሌላውን እንደሚጎዳ ለልጁ እንዲነገረውም የሚጠቁም ነበረበት።

እስቲ የ6 ዓመት ልጃችሁን አስቡ። ቤት ውስጥ «እግዚአብሔር ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠረን» ብላችሁ አስተምራችሁታል። ክፍል ውስጥ ያንኑ ይናገራል። የሚወዳት መምህሩ ንግግሩ ጎጂ እንደሆነ ትነግረዋለች። ልጁ የሚማረው እናትና አባቱ ክፉ ነገር እንዳስተማሩት ነው። ለእኔ የክርክሩ እምብርት ይህ ነው።

ወላጆቹ መጽሐፎቹ ይቃጠሉ፣ ይታገዱ ብለው ነው የከሰሱት?

አይደለም። መጽሐፎቹ ከመደርደሪያ ይውረዱ አላሉም። ሌላው ልጅ አያንብብ አላሉም። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፦ አስቀድማችሁ ንገሩን፣ ልጃችን ያን ሰዓት ሌላ ክፍል ይቀመጥልን።

ይህን አስረግጬ የምናገረው በእኛም መሃል «አሳገድናቸው» እያለ የሚፎክር ስላለ ነው። እንዲህ ማለት ውሸት ነው፤ ጉዳዩንም ይጎዳል። ከመጽሐፎቹ አንዳንዶቹ ከዚህ ክስ ውሳኔ በፊት በቦርዱ በራሱ ተነስተዋል። ለትንንሾቹ የታሰበውና የግብረ ሰዶማውያንን «የኩራት ሰልፍ» የሚያሳየው የፊደል መጽሐፍ አንዱ ነው።

ቦርዱ ለምን ከለከለ? ክርክሩ ምን ነበር?

ሦስት ምክንያት አቀረበ። የሚያስወጡ ወላጆች በዙ፤ መምህራን ማን እንደወጣ ማን እንደቀረ መከታተል አቃታቸው። የቀሪ ተማሪ ቁጥር ይጨምራል ብሎም ሰጋ። ሦስተኛው ደግሞ የተመሳሳይ ፆታ ወላጆች ያሏቸው ልጆች ጓደኞቻቸው ከክፍል ሲወጡ እያዩ እንዳያፍሩና እንዳይገለሉ የሚል ነበር።

ሦስተኛውን በቀላሉ አላልፈውም። ልጅ በወላጆቹ ምክንያት ሲያፍር ማየት ያማል። እኛም «ምሳህ ይሸታል» ተብለው እያለቀሱ የመጡ ልጆች አሉን። ግን የአንዱን ልጅ ቤት ለማክበር የሌላውን ልጅ ቤት ማዋረድ መፍትሔ አይሆንም። የመጀመሪያው ምክንያት ደግሞ ራሱን ይቃወማል። የሚያስወጡት ወላጆች ይህን ያህል ከበዙ ቦርዱ ቆም ብሎ ሊያዳምጣቸው ይገባ ነበር እንጂ በሩን መዝጋት አልነበረበትም።

ኢትዮጵያውያን በዚህ ውስጥ የት ነበሩ?

ፊት ለፊት። በከሳሾቹ ስም ዝርዝር ውስጥ ስማችን ዋና ሆኖ ባይነሳም፣ በ2023 ሮክቪል በሚገኘው የቦርዱ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ከቆሙት በመቶዎች ከሚቆጠሩ ወላጆች ብዙዎቹ ሙስሊሞችና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተከታዮች ነበሩ። ነጠላ ያጣፋች እናት ሂጃብ ካደረገች እናት ጎን ቆማ ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ አገር «ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ፣ አንገትህን ደፍተህ ኑር» ተባብለን የመጣን ሰዎች ነን። ብዙዎቹ ከሌሊት ፈረቃ ወጥተው ሳይተኙ ነው የመጡት።

አንድ የካውንቲው ምክር ቤት አባል በዚያው ሰሞን ጉዳዩ አንዳንድ ሙስሊም ቤተሰቦችን ከነጭ የበላይነት አራማጆች ጋር በአንድ ወገን እንዳሰለፋቸው ተናግራ ነበር። ኋላ ይቅርታ ጠየቀች። ይቅርታዋን እቀበላለሁ። ንግግሯ ግን አንድ ነገር አሳይቶኛል። ለእምነቱ የሚቆም ስደተኛ ወዳጅ መስሎ እስከታየ ድረስ ይወደዳል፤ የራሱን ሐሳብ ሲናገር ግን ወዲያው ስም ይወጣለታል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በትክክል ምን አለ?

በታችኛው ፍርድ ቤት ወላጆቹ በኦገስት 2023 ተረቱ። በሜይ 2024 የአራተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም 2 ለ 1 በሆነ ድምፅ ፈረደባቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ለወላጆቹ ፈረደ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ ናቸው።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ ሃይማኖትን በነፃነት የመከተል መብት ይሰጣል። ይህ መብት ልጅን በእምነት ማሳደግንም ይጨምራል። መጽሐፎቹ ልጁን ለአንድ ሐሳብ ከማጋለጥ አልፈዋል፤ ይህ መልካም ነው፣ በዚህ ደስ ይበልህ፣ በሌላ መንገድ ማሰብ ስህተት ነው የሚል መልእክት አላቸው። አድማጮቹ ደግሞ መምህር ያለውን ሁሉ የሚያምኑ ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ ሳያሳውቁና መውጫ ሳይሰጡ ማስተማር በወላጆቹ እምነት ላይ ከባድ ጫና ነው።

ቦርዱ «ማስወጣት አይቻልም፣ ሥራ ይበዛል» ያለውንም ፍርድ ቤቱ አልተቀበለም። ምክንያቱም ያው ቦርድ ከሥነ ፆታ ትምህርትና ከሌሎችም ነገሮች ማስወጣትን ይፈቅዳል። እዚያ የተቻለው እዚህ ለምን አይቻልም?

አንድ ጥንቃቄ ላክል። ያ ውሳኔ ጊዜያዊ እግድ ነበር። ክሱ ተጠናቆ እስኪያልቅ ድረስ ቦርዱ እነዚህን ወይም የሚመስሏቸውን መጻሕፍት ሲጠቀም ለከሳሾቹ አስቀድሞ እንዲያሳውቅና ልጆቻቸውን እንዲያሰናብት አዘዘ። የሕጉ መርህ ግን በመላ አገሪቱ ያሉ ፍርድ ቤቶችን ይመራል።

አሚሾች በዚህ ውስጥ ምን ያደርጋሉ? ሁሉም ያነሳቸዋል።

ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ፣ ትንሽ ላርዝመው።

አሚሾች መኪና የማይነዱ፣ በፈረስ ጋሪ የሚሄዱ፣ ከዓለም ራቅ ብለው በእርሻ የሚኖሩ ክርስቲያኖች ናቸው። በዊስኮንሲን ስቴት የነበሩ ሦስት አባቶች ልጆቻቸውን ከ8ኛ ክፍል በኋላ ወደ ሁለተኛ ደረጃ አንልክም አሉ። ልጆቹ 14 እና 15 ዓመታቸው ነበር። የስቴቱ ሕግ ደግሞ እስከ 16 ዓመት ተማሩ ይል ነበር። አባቶቹ እያንዳንዳቸው 5 ዶላር ተቀጡ። 5 ዶላር ብቻ! ከፍለው ዝም ሊሉ ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ጉዳዩ የመርህ ነው አሉ። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ዊስኮንሲን ከዮደር» በተባለው ክስ ፈረደላቸው።

ከ53 ዓመት በኋላ የሜሪላንዶቹ ወላጆች የተደገፉት በዚያ ምሰሶ ላይ ነው። የገበሬዎቹ የ5 ዶላር ክርክር ለሲልቨር ስፕሪንግ ታክሲ ነጂ ልጅ ደረሰ። ከዚያም በፊት በ1925 ኦሪገን ልጅ ሁሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ ይማር ባለች ጊዜ ያው ፍርድ ቤት ልጅ የመንግሥት ፍጥረት ብቻ አይደለም ብሎ ሕጉን ሽሮታል። የገዳም እህቶች ትምህርት ቤት ነበር የከሰሰው።

የተቃወሙት ሦስቱ ዳኞች ምን አሉ?

ዳኛ ሶኒያ ሶቶማዮር ጻፉት፤ ዳኛ ኬጋንና ዳኛ ጃክሰን ተስማሙ። የሕዝብ ትምህርት ቤት ብዙ ዓይነት ሰው የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ልጅ ከማይስማማበት ሐሳብ ጋር መተዋወቁ እምነቱን አይነካም አሉ። ወላጅ በማንኛውም ትምህርት ላይ እየተነሳ «አውጡልኝ» ቢል ትምህርት ቤቶች ይተራመሳሉ ብለውም ሰጉ።

ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገ አንዱ በሳይንስ፣ አንዱ በታሪክ ሊነሳ ይችላል። ድንበሩ የት ነው የሚለውን ገና ፍርድ ቤቶች ይፈትሹታል። ለእኔ ግን አስቀድሞ ማሳወቅን የሚፈራ ትምህርት ቤት የበለጠ ያሳስበኛል።

«ካልተመቻችሁ የግል ትምህርት ቤት አስገቡ» ቢሉኝስ?

ይህን መልስ ስሰማ አንጀቴ ያርራል። ሁለት ሥራ ለምትሠራ፣ ሦስት ልጅ ለምታሳድግ እናት የግል ትምህርት ቤት የሚታሰብ አይደለም። ቤት ውስጥ ላስተምር ብትልስ ማን ይሠራል? ትምህርት ግዴታ ነው፤ ግብሩን ሁላችንም እንከፍላለን። እንግዲህ መብቱ ለባለ ገንዘብ ብቻ ሆነ ማለት ነው። ፍርድ ቤቱም ነፃ ትምህርት ለማግኘት ሲባል የእምነት መብትን መተው እንደማይጠየቅ ግልጽ አድርጓል።

ይህ ሁሉ ግብረ ሰዶማውያንን መጥላት አይደለም?

አይደለም። መሆንም የለበትም። በእኛ ሰዎች መሃል ጸያፍ ስድብ የሚሳደብ እንዳለ አውቃለሁ፤ ያሳዝነኛል። የክፍል ጓደኛው ሁለት እናት ያሉት ልጅ በጨዋታ ሰዓት ከልጃችሁ ጋር ኳስ ይጫወታል። ልጃችሁ እንዲያከብረው አስተምሩት። የልደት ጥሪ ቢመጣ እንዴት እንደምትመልሱ አስቡበት፤ በአሽሙር አይሁን። ጎረቤትን ማክበርና የጎረቤትን አስተምህሮ ለልጅ ማስተማር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እስልምናን የማይከተል ሰው ሙስሊም ጎረቤቱን ያከብራል፤ ልጁን ግን መስጊድ አይልክም። ማንም ጠላው አይልም።

ልጄ ስሙን ወይም ፆታውን ቢቀይር ትምህርት ቤቱ ከእኔ ይደብቃል?

ይህ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከላይ ያለው ውሳኔ አልፈታውም። በዚያው ካውንቲ ቤተሰቡ አይደግፍም ተብሎ ከታሰበ የልጁን የፆታ ማንነት ለወላጅ ሳይነግሩ እንዲይዙ የሚፈቅድ መመሪያ ነበር። ወላጆች ከሰሱ። በኦገስት 2023 ይግባኝ ሰሚው የእነዚህ ከሳሾች ልጆች ይህ እንደደረሰባቸው አላሳዩም ብሎ ክሱን ዘጋ፤ በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ሊያየው አልፈቀደም። እኔ የልጅን ጉዳይ ከወላጅ መሰወር ከመጽሐፎቹም የከፋ ሆኖ አገኘዋለሁ። ክርክሩ በሌሎች ስቴቶችም ቀጥሏል።

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ይመለከተኛል?

አዎ፣ መርሁ ማንኛውንም የሕዝብ ትምህርት ቤት ይመለከታል፣ ቻርተር የሚባሉትን የሕዝብ ትምህርት ቤቶችም ጨምሮ። የግል ትምህርት ቤት ግን በራሱ ውል ይመራል። ቨርጂኒያ ደግሞ ይህ ጥያቄ ምርጫ የገለበጠባት ስቴት ናት። በ2021 የዴሞክራቱ እጩ ቴሪ ማክኦሊፍ በክርክር ላይ ወላጆች ትምህርት ቤቶች ምን ማስተማር እንዳለባቸው መንገር የለባቸውም ብሎ ተናገረ። ሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ያቺን ንግግር ይዞ ዞረ፤ አሸነፈም።

አውሮፓና ካናዳ ያለነውስ?

እንደ አገሩ ይለያያል፤ በጠቅላላው ከአሜሪካ የጠበበ ነው።

እንግሊዝ ከሴፕቴምበር 2020 ጀምሮ ስለ ግንኙነትና ስለ ቤተሰብ የሚሰጠው ትምህርት በአንደኛ ደረጃ ግዴታ ነው። ወላጅ ልጁን ከሥነ ፆታው ክፍል ማስወጣት ይችላል፤ ከግንኙነቱ ክፍል ግን አይችልም። የተመሳሳይ ፆታ ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ የሚነሱት በዚህኛው ነው። በ2019 በበርሚንግሃም አብዛኛው ሙስሊም የሆኑ ወላጆች በአንድ ትምህርት ቤት ደጃፍ ለወራት ተቃውሞ ያሰሙት በዚህ ዓይነቱ ትምህርት ነው። ዌልስ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ የማስወጣት መብቱን ጨርሶ አስቀርታለች።

ጀርመንና ስዊድን ቤት ውስጥ ማስተማር እንኳ በተግባር ዝግ ነው። በጀርመን ሮማይከ የተባሉ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ቤት ስላስተማሩ በ2006 ፖሊስ መጥቶ ልጆቹን ትምህርት ቤት አደረሳቸው። በ2008 ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ለትምህርት ከጀርመን መሰደድ! ሰው በስደት ወደ ጀርመን ሲሄድ ለለመደ ለእኛ ነገሩ እንግዳ ነው።

ካናዳ ውስጥ አልበርታ ከሌሎቹ ተለየች። በ2024 ባወጣችው ሕግ ስለ ፆታ ማንነትና ስለ ሥነ ፆታ ከመማሩ በፊት የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህ ከ«አውጡልኝ» ይሻላል፤ ትምህርት ቤቱ ነው የሚጠይቀው። ካልጋሪና ኤድመንተን ያላችሁ ቅጹን ሳታነቡ አትፈርሙ።

እሺ፣ በተግባር ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ኢሜይል አንብቡ። አውቃለሁ፣ ብዙ ነው፣ ረጅምም ነው። እኔም ራሴ ልጄ 2ኛ ክፍል እያለ አንድ ማሳወቂያ ሳላየው አልፎ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከልጄ አፍ ነው የሰማሁት። የቆጨኝ ትምህርቱ ሳይሆን እኔ እዚያ አለመኖሬ ነው።

እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ካላችሁ አትፈሩ። የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ መረጃ የመስጠት ግዴታ በፌደራል ሕግ አለባቸው። ሞንትጎመሪ በአማርኛም መረጃ ያወጣል። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት።

ማስወጣት ስትፈልጉ በጽሑፍ አድርጉት። ለርዕሰ መምህሩ አጭር ኢሜይል ይበቃል። የልጁን ስምና ክፍል፣ የትኛውን ርዕስ እንደማትፈልጉ፣ ምክንያቱም ሃይማኖታዊ እንደሆነ ጻፉ። «ከሁሉም ነገር አውጡልኝ» አትበሉ፤ ለይታችሁ ጻፉ። አስቀድመው እንዲያሳውቋችሁና ልጁ በዚያ ሰዓት ሌላ የንባብ ሥራ እንዲሰጠው ጠይቁ። ቅጂውን አስቀምጡ። መልስ ከዘገየ በትሕትና ደግማችሁ ጻፉ። ቁጣ በቦርድ ስብሰባ ላይ ቪዲዮ ይሆናል እንጂ ልጃችሁን አይጠቅምም።

መምህሯን በአካል አግኟት። አብዛኞቹ መምህራን መመሪያውን ያወጡት እነሱ አይደሉም፤ ልጃችሁንም ይወዱታል።

ከዚያ ልጁን አናግሩት፣ ከክፍል ከመውጣቱ በፊት። ለምን እንደሚወጣ በሚገባው ቃል ንገሩት። ጓደኞቹ «የት ሄድክ?» ሲሉት የሚመልሰው አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ስጡት። የእኔ ልጅ «ይሄን ከአባዬ ጋር ነው የማወራው» ይል ነበር። ማንም ደግሞ አልጠየቀውም።